ጀርባውን ያላነበብኩት ሥዕል

ሱቁ ባለፈው መጋቢት ተዘጋ። መዶሻዬን፣ ጉጠቴንና ሁለት መሮዎቼን በጨርቅ ጠቅልዬ አቢዴል ሰፈር ወዳለው ቤቴ አመጣሁና ምድር ቤት አስቀመጥኳቸው። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ቆሜ ልሥራ ብል ጉልበቴ እሺ አይለኝም። ባለቤቴ ብርቄ "በቃህ፤ አሁን እንግዲህ ተቀመጥ" አለችኝ። ተቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ሰለቸኝና ደብተር ገዛሁ።

ጽሑፌ እንደ ሥራዬ ቀጥ ያለ አይደለም። አንድ ገጽ አንድ ጠዋት ይፈጅብኛል። ስህተት ያገኘ ይለፈኝ። ላርምልህ ያለኝ ሰው ነበር፤ እምቢ አልኩት።

ቤተ ክርስቲያን ላይ ሰው "ጋሼ ወርቁ፣ ሥራዎ ምን ነበር?" ሲለኝ "ፍሬም ሠሪ" ብዬ አልፈዋለሁ። ሙሉውን ብናገር ቁጭ ብሎ መስማት ይጠይቃል። አሜሪካኖች ድሮ በየመንገዱ ዳር የሚሸጡት ርካሽ የጀብዱ መጽሔት ነበራቸው፤ ወንዶች የሚያነቡት። የሽፋኑ ሥዕል መጀመሪያ ሸራ ላይ በዘይት ቀለም በእጅ ይሣላል፤ ከዚያ ፎቶ ይነሣና ይታተማል። ከታተመ በኋላ ሸራውን የሚፈልገው የለም። አብዛኛውን ቆሻሻ ላይ ጣሉት። የተረፈችውን ጥቂት ዛሬ ሰው አገር ለአገር እያሳደደ ይሰበስባታል። አለቃዬ ክላይድ ከነዚያ ሰዎች አንዱ ነበር። እሱ ይሰበስባል፤ ለሌሎች ሰብሳቢዎችም ይጠግናል። እኔ ደግሞ እንጨቱን እሠራለሁ።

መጀመሪያ መርካቶ አልጋና ቁም ሣጥን ነበር የምሠራው። እንጨት ያወቅኩት እዚያ ነው። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ስመጣ ሥጋ ፋብሪካ ገባሁ፤ ሁለት ዓመት ቢላ ይዤ ብርድ ውስጥ ቆምኩ። ስለዚያ የምጽፈው የለኝም። ቀጥሎ በር ፋብሪካ ገባሁ። በሩን ማሽኑ ነው የሚሠራው፤ እኔ ማሽኑን እጠብቃለሁ። እሱም ተዘጋ።

ክላይድ ጋ የወሰደኝ ተስፋይ ነው። ተስፋይ ኤሪን ውድስ የሚባለው ሰፈር ነው የሚኖረው፤ የክላይድን ቫን ይነዳ ነበር። አስመራ ተወልዶ አስመራ ነው ያደገው፤ ትምህርቱን ግን በአማርኛ ነው የተማረው። ፊደል ከኔ ይበልጥ ያውቃል። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት አንድ ክረምት ገብቼ ወጣሁ፤ መሠረተ ትምህርት ሲመጣም ሥራ አለብኝ ብዬ ሸሸሁ። ተስፋይ ይህን ሲሰማ "እኔን በግድ አስተማሩኝ፤ አንተ በገዛ ቋንቋህ አቃተህ" ይለኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያቺኑ አንዲት ቀልድ ነው የሚደጋግመው።

ሱቁ በጎማ ቤትና በመኪና ቀለም ቤት መካከል ነበር። ክላይድ የመጀመሪያ ቀን ምንም አልጠየቀኝም። ሁለት እንጨት ሰጠኝና ማዕዘን አድርገህ ግጠማቸው አለኝ። በአርባ አምስት ዲግሪ ቆረጥኩ፣ በመላጊያ አንዴ አለፍኩባቸውና ገጠምኳቸው። ወደ መስኮቱ ይዞ ሄዶ በመጋጠሚያው በኩል ብርሃን ያልፍ እንደሆን አየ። አላለፈም። "ሰኞ ና" አለኝ። ደሞዙ ከበር ፋብሪካው ያንስ ነበር፤ እንጨት ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ስለ ሥዕሎቹ እውነቱን ልናገር። ሸሚዙ ያልተቀደደ ጀግና አይቼ አላውቅም። ሰውየው አንድ ቀን ከአዞ ጋር ይታገላል፣ ሌላ ቀን ከአይጥ መንጋ ጋር። ሴትየዋ ሁልጊዜ ታስራለች፤ ልብሷም እንደ ሸሚዙ ነው። ሰማዩ ወይ ቢጫ ነው ወይ ቀይ፤ መንገደኛ ከሩቅ እንዲያየው ነው። ከላይ ያለው ሲሶ ባዶ ነው። መጀመሪያ ሰዓሊው ሰንፎ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ የመጽሔቱ ስም የሚታተምበት ቦታ ነው። ደግሞ ጀግናውና ወንበዴው ብዙ ጊዜ አንድ ፊት ናቸው። ሰዓሊው ሞዴል የሚቀጥርበት ስለሌለው ራሱን በመስታወት እያየ ነው የሚሥለው። ስለዚህ አንቆ የያዘውም እሱ ነው፣ የታነቀውም እሱ ነው።

አንድ ዓርብ በዐቢይ ጾም ብርቄ የረሳሁትን ምሳ ዕቃ ይዛልኝ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ አንዱ ሥዕል ቆሟል።

"ወርቁ! ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?"

"ሸርጣን ይዟት ነው።"

"ሸርጣኑስ ያዛት፤ ቀሚሷን ማን ወሰደው?"

"እሱው ሸርጣኑ ነዋ።"

"በሁዳዴ ይህን እያየህ ነው ሽሮ የምትበላው?" አለችና ነጠላዋን አውልቃ ሥዕሉ ላይ ጣል አደረገችበት። ክላይድ ከጓዳ ሲወጣ አየው። ነጠላውን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው። ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ነው፤ ይለሰልሳል፣ ቀለም አይጭርም። "ለአቧራ ነው?" አለኝ። "አዎ፣ ለአቧራ ነው" አልኩት። ሁለት አስመጣልኝ አለኝ። ከዚያ ጀምሮ በዚያ ሱቅ ያልደረቀ ሥዕል የሚሸፈነው በነጠላ ነበር።

የካልጋሪ አየር ለእንጨት ክፉ ነው። ክረምት ማሞቂያው እንጨቱን ያደርቀዋል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። ሺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ሲወርድ ደግሞ ጠዋት የተወጠረ ሸራ ማታ እንደ ሆድ ይረግባል። ስለዚህ ፍሬሙን ሥዕሉ ላይ ጥብቅ አላደርግም፤ የክር ውፍረት ያህል ክፍተት እተዋለሁ። ከኋላ ማዕዘኖቹ ላይ ትንንሽ ሽብልቅ አለ፤ ሲረግብ በመዶሻ ጫፍ ኮርኮም አድርጎ ማስወጠር ነው። ኃይለኛ ሰው ሸራውን ይቀደዋል። እኔ አንድም ቀድጄ አላውቅም። የጎዳሁት በሌላ ነው።

ክላይድ ሁለት ልማድ ነበረው። አንደኛው፣ ሥዕል ሲመጣ ፊቱን አያይም። እጁን ይታጠባል፣ ብርድ ልብስ ላይ በፊቱ ያስተኛዋል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ጀርባውን ያነባል። የአሳታሚው ማኅተም፣ የመጽሔቱ አለቃ በእርሳስ የጻፈው ትእዛዝ፣ የሰዓሊው ስም፣ የስኒ ቂጥ ምልክት። ብዙዎቹ ሰዓሊዎች ፊቱ ላይ አይፈርሙም ነበር፤ ማንነታቸው የሚታወቀው ከጀርባ ነው። "ፊቱ ውሸት ነው፤ እውነቱ ከኋላ ነው" ይለኛል። ሁለተኛው ልማድ፣ ሥዕሉን የነካ ሰው የነካውን ከኋላ በእርሳስ ጽፎ ስሙን ያኖራል። "የነካ ይጻፍ" ነው ሕጉ። እኔ ግን ሁልጊዜ "አንተ ጻፍልኝ፤ ጽሕፈቴ አያምርም" እለዋለሁ። እሱ ትሕትና መስሎት ይጽፍልኝ ነበር።

ትሕትና አልነበረም። ማንበብም መጻፍም አልችልም ነበር። ክላይድ የዕለቱን ሥራ በቢጫ ወረቀት ጽፎ ዕቃው ላይ ይለጥፋል። እኔ ወረቀቱን ኪሴ እከታለሁ፤ ምሳ ሰዓት ቫን ውስጥ ተስፋይ ያነብልኛል። አሥራ ሁለት ዓመት እንደዚህ ኖርን። ተስፋይ "ንገረው፣ አይበላህም" ይለኛል። እኔ "ሥራዬ የጎደለ ነገር አለ?" እለዋለሁ። የጎደለ አልነበረም።

አንድ ሰኞ አመሻሽ ላይ ኮክረን ከምትባለው ከተማ አንዲት ባልቴት ሥዕል ይዘው መጡ። ዶሪን ይባላሉ፤ ሰማንያ አልፏቸዋል። እኔ እትዬ ዶሪን ነው የምላቸው፣ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም። ሥዕሉን የሣሉት አባታቸው ዋልተር ናቸው። ወንዝ ሞልቷል፤ ሰውየው በመቅዘፊያ ድብ ይመክታል፤ ሴትየዋ ጀልባው ጫፍ ላይ ፋኖስ ይዛለች። ይቺ ግን ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ገርሞኝ ስጠይቅ እናታቸው ናቸው። የሚስቱን ልብስ እንዴት አድርጎ ያውልቅባት!

አባትየው ሃያ ዓመት ለመጽሔት ሥለዋል፤ መጽሔቱ ግን ስማቸውን አያወጣም። ኋላ ወደዚህ ወደ አልበርታ መጥተው የሱቅ ታፔላ ሲጽፉ አረፉ። ያን ሰሞን የእንዲህ ያሉ ሥዕሎች ኤግዚቢሽን እየተዘጋጀ ነበር። እትዬ ዶሪን ለክላይድ "የአባቴን ስም ግድግዳ ላይ ሳላየው መሞት አልፈልግም" ሲሉት ሰምቻለሁ። ፊቱ ላይ ፊርማ የለም። ከኋላ ግን በቡናማ ወረቀት ላይ አባትየው በእጃቸው የጻፉት ነገር አለ። እርሳሱ ደብዝዟል፤ እሳቸው በዓይናቸው ማንበብ አልቻሉም፤ ክላይድ በሱቁ የጥገና መብራት እንዲያነብላቸው ነው ያመጡት። ይህን የኋላውን ነገር ሲነግሩት እኔ አልነበርኩም፤ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ።

ክላይድ በማግሥቱ የዓይን ቀዶ ጥገና ነበረው። ተስፋይ ፍሬም ጭኖ ኤድመንተን ሄዷል። ማክሰኞ ጠዋት ብቻዬን ገባሁ። ሥዕሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል። ነቅዬ እንደ ልማዴ ኪሴ ከተትኩት። ተስፋይ ሐሙስ ሲመጣ ያነብልኛል፤ እኔ እስከዚያ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም አልኩ። ያን ሁሉ ያመጣው ይህ እልኬ ነው።

ገለበጥኩት። የታችኛው እንጨት ተሰንጥቋል፤ መለወጥ አለበት። ከኋላው ያለው ቡናማ ወረቀት ነትቦ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። እንዲህ ያለ አሮጌ ወረቀት ሸራ ይበላል፤ ክላይድ ካነበበው በኋላ እኔ ነኝ ሁልጊዜ የማነሳው። ይህንንም አንብቦታል አልኩ በልቤ። በእርሳስ የተጫረ ነገር አይቻለሁ። አየሁ ነው የምለው፤ አልዋሽም። ቀድጄ ጨመደድኩትና ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ቀጥዬ የታችኛውን ጎን ምስማሮች በጉጠት አንድ በአንድ ነቀልኩ። እነሱን ግን አልጣልኩም። ምስማር አልጥልም፤ መርካቶ ምስማር የሚጥል አናጢ ጌታው ያባርረዋል። በቆርቆሮ ጣሳ አኖርኳቸው።

ሐሙስ ተስፋይ መጣ። ቫን ውስጥ ምሳችንን ከፍተን ወረቀቱን ሰጠሁት። ለብቻው በልቡ አነበበው። ሲያነብ ሁልጊዜ የክላይድን ድምፅ እያስመሰለ ነው።

"ምነው?" አልኩት።

"ይሄን ጀርባ ነክተኸዋል?"

"አዎ። ምን ይላል?"

"'ጀርባውን አትንካ፤ የአባትየው ጽሑፍ ነው። ዓይኔ እስኪድን ይቆይ' ይላል።"

እንጀራውን ወደ ምሳ ዕቃው መለስኩ። ወርደን የቆሻሻ ገንዳውን ከፈትን። ባዶ ነው፤ መኪናው ረቡዕ ጠዋት ጠራርጎ ወስዶታል። ተስፋይ ወደ ቆሻሻ መጣያው እንንዳ አለኝ። ሄድን። በሩ ላይ ያለው ሰው ሳቀብን። ተራራ ነው፤ በላዩ ትራክተር ይሄዳል።

"አሁንስ ትነግረዋለህ?" አለኝ ተስፋይ።

"ንዳ" አልኩት።

ክላይድ አንድ ዓይኑ ተሸፍኖ ቤቱ ሳሎን ተቀምጧል። ቆሜ ነገርኩት።

"ወረቀቱን አላነበብከውም?" አለኝ።

"አላነበብኩትም።"

"ለምን?"

"ማንበብ አልችልም።"

"እንግሊዝኛ?"

"ምንም። የኛንም ሀሁ አልጨረስኩም።"

"አሥራ ሁለት ዓመት ስጽፍልህ ማን ነበር የሚያነበው?"

ተስፋይ በር ላይ ቆሟል። "እኔ" አለ። "ጽሕፈትህም ደግሞ አይነበብም።"

ክላይድ አልሳቀም። "ብትነግረኝ ኖሮ አላባርርህም ነበር" አለ። "አላውቅም ነበር" አልኩት። "መንገር ያለብህ ግን ለኔ አይደለም" አለኝ።

ኮክረን ድረስ ተስፋይ አንድ ቀልድ አልተናገረም። እትዬ ዶሪን አስገቡን። ወንበር ሰጡን፤ እኔ አልተቀመጥኩም። በእንግሊዝኛዬ ነገርኳቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ምን ይል ነበር?" አሉ።

"አላውቅም።"

"አይተኸዋል ግን።"

"አይቼዋለሁ።"

"ስንት መስመር ነበር?"

ዓይኔን ጨፍኜ አሰብኩ። "አራት። አራተኛው አጭር ነበር።"

"አጭሩ ስሙ ነው" አሉ። "አባቴ ስሙን ለብቻው ነው የሚጽፈው።" ከዚያ ተነሥተው በሩን ከፈቱልን።

የኤግዚቢሽኑ ሰዎች ወሬውን ሲሰሙ ፊርማም ወረቀትም የሌለው ሥዕል ላይ ስም አንጽፍም አሉ። ሥዕሉ ይሰቀላል፤ ሰዓሊው ያልታወቀ ይባላል።

እኔ በማግሥቱ የጀመርኩትን ልጨርስ ተቀመጥኩ። አዲሱን የታች እንጨት ገጠምኩና የጣሳዋን ምስማሮች ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው። ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። ከእያንዳንዱ ምስማር ራስ ሥር ቁራጭ ቆዳ አለች፤ የጥፍር ያህል፣ አራት ማዕዘን፣ ከአሮጌ ቀበቶ የተቆረጠች። ምስማሩ ሸራውን እንዳይበሳሳው ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰዓሊ ብዙ አላየሁም። ግን አንድ ቦታ አይቻለሁ።

ክላይድ መደርደሪያ ላይ ሰውየው ከእባብ ጋር የሚታገልበት ሥዕል አለ። አውርጄ ገለበጥኩት። ቆዳ አለው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። ያልነካኋቸው ሦስት ጎኖች ላይ ምስማሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብለዋል፤ እባቡም ላይ እንደዚያው። እኔ ምስማር ስመታ ወደዚያ አይዘምልኝም። መዶሻውን ወደ ግራ እጄ አዛውሬ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞከርኩ። ዘመመ። እባቡ ጀርባ ላይ ደግሞ ጽሑፍ አለ። ተስፋይን ጠራሁት።

"ስም አለው?"

"አለው" አለ። "ዋልተር ይላል፤ ከነአባቱ ስም።"

ክላይድን ኮል አደረግኩለት። ዓይኑን እንደ ሸፈነ በታክሲ መጣ። ያን የእባብ ሥዕል ብዙ ዓመት ይዞታል፤ ስሙንም አንብቦታል፤ ምስማሩን ግን አይቶ አያውቅም። እሱ ጽሑፍ ነው የሚያየው። ስልኩን አንሥቶ ወደ ኮክረን ደወለ። "አባትዎ በየትኛው እጃቸው ነበር የሚሠሩት?" አላቸው። ክላይድ ወደኔ ዞሮ ግራ እጁን አነሣልኝ።

ከኤግዚቢሽኑ አንዲት ሴትዮ አጉሊ መነጽር ይዛ መጣች። ምስማሩን፣ ቆዳውን፣ የሸራውን እጥፋት ሁሉ አሳየኋት። ማን እንደነገረኝ ጠየቀችኝ። "ማንም፤ አናጢ ነኝ" አልኳት። በሳምንቱ እሺ አሉ። ስሙ ግድግዳ ላይ ወጣ፤ ከፊቱ ግን "እንደሚታመነው" የሚል ጨመሩበት፤ ጽሑፉ ስለሌለ ሙሉ በሙሉ አንምልም ማለታቸው ነው።

የመክፈቻው ዕለት እትዬ ዶሪን ወንበር አስመጥተው ከስሙ ፊት ተቀመጡ። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። በእጃቸው ጠሩኝ።

"'እንደሚታመነው' የምትለዋን አየሃት?"

"ተስፋይ አንብቦልኛል።"

"ያቺ ቃል ያንተ ናት።"

"አዎ" አልኳቸው። "የኔ ናት።"

"ስሙ ግን የሱ ነው" አሉና እንደገና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ይቅር አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። የጣልኩትን ላመጣው አልችልም፤ ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ሥዕሉ ለአዲስ የጀርባ ወረቀት ተመልሶ መጣ። ለጠፍኩና ክላይድን ጻፍልኝ አልኩት። እርሳሱን ወደኔ ገፋው። "የነካ ይጻፍ።"

"አልችልም አልኩህ እኮ።"

"በምትችለው ቋንቋ።"

"በየትኛውም አልችልም።"

"እንግዲያው ቻል። ሥዕሉ ይጠብቅሃል" አለኝ።

ሦስት ሳምንት ጠበቀኝ፤ ነጠላ ለብሶ። ምሳ ሰዓት ቫን ውስጥ ተስፋይ በቢጫ ወረቀት ፊደል ይጽፍልኛል፤ እኔ ጉልበቴ ላይ እቀዳለሁ። "ይኸው፣ አስመራ ላይ በኩርኩም የተማርኩትን ላንተ በነጻ" ይለኛል። ለመጻፍ የፈለግኩትን አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ቃል የሚያስፈልገውን ፊደል ብቻ ነው ያስተማረኝ። የቀረውን ኋላ ቀስ በቀስ ጨመርኩበት።

ክላይድ ካረፈ ሁለት ክረምት ሆኖታል። ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ በነካሁት ሁሉ ላይ በፊደል ጽፌያለሁ። የመጀመሪያው ግን ያ ነው፤ አሁን ኮክረን ነው ያለው። ከጀርባው እንዲህ ይላል፤

"እዚህ ላይ የዋልተር ጽሑፍ ነበር። አራት መስመር ነው። ማንበብ ስለማልችል ቀድጄ ጣልኩት። ምስማሮቹ የራሱ ናቸው፤ መልሼ መትቻቸዋለሁ። ወርቁ።"

ጽፌ ስጨርስ ተስፋይ በትከሻዬ ላይ አንብቦ ሳቀ። "አንተ ሰውዬ፣ ነገ ይህን የሚገለብጠው ፈረንጅ እኮ አማርኛ የሚያነብለት ሰው ሊፈልግ ነው!"

"ይፈልጋ" አልኩት። "እኔስ አሥራ ሁለት ዓመት አንተን ስፈልግ አልኖርኩም?"